የወይዘሮ ውባንቺ ምላስና የታይቱ ደብተር

ታይቱ አጥናፉ ከአበርገሌዋ ኒሯቅ ወደ ሰቆጣ የመጣችው በ1997 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ዘጠነኛ ክፍል ልትማር ነው። አባቷ አንድ ጆንያ ማሽላና አንድ ቅል ነጭ ማር አስጭኖ ይዟት መጣና «አደራ» ብሎ ለታላቅ እኅቱ ለወይዘሮ ውባንቺ አስረከባት። ኋላ የሆነው ሲታይ አደራ መባል የነበረባት ልጅቱ ነበረች።

ወይዘሮ ውባንቺ ማር ነጋዴ ናቸው። ባል ሞቶባቸዋል፣ ልጅ የላቸውም፤ ያላቸው ምላስ ነው። ለነገር የሚሆነው ምላስ አይደለም፣ እሱማ በሰፈሩ ሞልቷል። የእሳቸው፣ ማር ላይ የሚፈርድ ምላስ ነው። ገበያ ላይ ሁለት ሰው «ንጹሕ ነው፣ አይደለም» ብሎ ከተጣላ ማሩ ወደ እሳቸው ይመጣል። በጣታቸው ጫፍ ነካ ያደርጉና ላንቃቸው ላይ አሳርፈው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። «ስኳር አለበት» ካሉ አለቀ። ባለማሩ ታቦት ጠርቶ ቢምል ቅሉን ተሸክሞ ወደመጣበት ነው።

ታይቱ ደግሞ የማትጠይቀው ነገር የላትም። ትምህርት ቤቱ በዚያው ዓመት ፕላዝማ የሚሉት ቴሌቪዥን ገብቶለት ነበር። በውስጡ ያለው የባዮሎጂ መምህር በእንግሊዝኛ ያንበለብለዋል፤ «ጥያቄ አለ?» ይልና አምስት ሰከንድ ጠብቆ «በጣም ጥሩ» ብሎ ያልፋል። ታይቱ ሁልጊዜ ጥያቄ አላት፣ ፕላዝማው ግን ጆሮ የለውም። ስለዚህ አንድ ቀን «ምግብ ያየ ሰው ምራቁ ይመጣል» ብሎ ሲያልፍ የቀረውን ራሷ ለማየት ቆረጠች።

በጥር አንድ ሰርግ ላይ ሎሚ ሰንጥቃ መለከት ነፊው ፊት ቆመችና መጠጥ መጠጥ አደረገች። ሰውየው አያት። ጉንጩ ምራቅ ሞላ፣ መለከቱ እንደታነቀ በግ ጮኸ። ሚዜዎቹ ሳቁ፣ የሙሽራው አባት ተቆጣ፣ ታይቱ ደብተሯ ላይ ጻፈች፤ «ሎሚውን የበላሁት እኔ፣ ምራቁ የመጣው እሱ።»

ደብተሩን «የሆድ ደብተር» ብላዋለች። ስቅታ የያዘውን ልጅ «ደብተሬን የሰረቅኸው አንተ ነህ» ስትለው ስቅታው ጥሎት እንደሄደ እዚያ አለ። ቅዳሴ ላይ አንድ ሽማግሌ ሲያዛጋ ስንት ሰው እንደተከተለው ተቆጥሮ አለ። ይህንን ሁሉ የምታውቀው ጓደኛዋ ፊርደውስ ናት፤ የጎረቤታቸው የወይዘሮ ዓሲያ ልጅ።

«አሁን አንድ የቀረኝ ጥያቄ አለ» አለቻት ታይቱ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ሲመለሱ። «ሆድን የሚያመው የበላው ነው ወይስ የሰማው?»

«የአንቺን ሆድ ጠይቂው» አለች ፊርደውስ።

«የእኔማ ጥያቄውን ያውቀዋል፣ አይሆንም።»

ወይዘሮ ዓሲያ የባለሱቁ የዓብዱረሕማን ሚስት ናቸው፤ ሱቃቸው ጨውና ቅመም ይሸጣል። ከወይዘሮ ውባንቺ ጋር ግድግዳ ለግድግዳ ሠላሳ ዓመት ኖረዋል። የሁለቱ ጉርብትና አንዲት ድስት አለችው። ጆሮዋ ላይ ቀይ ክር የታሰረባት የሸክላ ድስት ናት፣ በወይዘሮ ዓሲያ ቤት ለብቻዋ ትቀመጣለች። ሥጋ አልገባባትም፣ ቅቤ አልነካትም። ሁዳዴ ሲገባ በየዓርቡ ምስር ይሠራባትና ለውባንቺ ይላካል። ረመዳን ሲሆን ደግሞ ወይዘሮ ውባንቺ ለማፍጠሪያ ማር ይልካሉ። ማንም አስቦት አያውቅም፣ ዝም ብሎ የሚሆን ነገር ነው።

በሁዳዴ አራተኛው ዓርብ ወይዘሮ ውባንቺ ከቅዳሴ ገብተው በዘጠኝ ሰዓት በምስሩ ጾማቸውን ፈቱ። «እጅሽ ይባረክ ዓሲያ» እያሉ ሳህኑን ጠረጉት። ታይቱ በላስቲክ ሰዓቷ ቆጥራ ሁለት ሰዓት ጠበቀች። አክስቷ ደኅና ናቸው፤ እግራቸውን ዘርግተው ጥጥ ይፈትላሉ።

«አክስቴ፣ አንድ ነገር ልነግርዎ ነበር፣ ፈራሁ።»

«ምን አጠፋሽ ደግሞ?»

«እኔ አይደለሁም። የዛሬው ምስር በሌላኛው ድስት ነው አሉ የተሠራው። ቅቤ ባለበት።»

አምስት ደቂቃ ልትጠብቅ፣ ከዚያ «ቀልዴን ነው» ልትል ነበር ሐሳቧ። በደብተሩ ላይ እንዲህ ይነበባል፤ «11፡00 ነገርኋቸው። 11፡03 ላብ። 11፡04 ሆዳቸውን ያዙ።» ከዚያ ወዲያ አልተጻፈም፤ ጸሐፊዋ ጀርባ እያሻሸች ነበር። ወይዘሮ ውባንቺ የበሉትን ብቻ ሳይሆን ያልበሉትንም ያወጡ መሰለ።

«እኔም እኮ ጠርጥሬ ነበር» አሉ ትንፋሽ ሲያገኙ። «ምላሴን ለስለስ ብሎኝ ነበር። ቅቤ ነው። ያውም የከረመ ቅቤ።»

ታይቱ የሌለ ቅቤ ሆድ ያውካል ብላ ጠርጥራለች፤ ይከርማል ብላ ግን አላሰበችም። «ቀልዴን ነው» ልትል አፏን ስትከፍት የማዶዋ ጎረቤት በድምፁ ደንግጣ ገባች። «ምን ሆኑ?» አለች። ወይዘሮ ውባንቺ ነገሯት፤ ታይቱም አክስቷን ሰው ፊት ማሳፈር ፈርታ ቃሏን ዋጠች። ሰቆጣ ውስጥ ባጃጅ የማይገባበት መንገድ አለ፣ ወሬ የማይገባበት የለም። ፀሐይ ሳትጠልቅ ነገሩ ወይዘሮ ዓሲያ ደጅ ደርሶ፣ በመንገድ ላይ አንድ ጭልፋ የነበረው ቅቤ አንድ ቅል ሆኖ ነበር።

ወይዘሮ ዓሲያ አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻል ነበር። በማግስቱ በፊርደውስ እጅ አንድ ወንፊት ላኩ፤ የውባንቺ ኖሮ ከስንት ዓመት በፊት የተዋሱት። ወይዘሮ ውባንቺም ከአልጋቸው ሆነው ዘነዘናውን አስመለሱ። ከዚያ ሰፌዱ ሄደ፣ ማጥለያው መጣ። በሠላሳ ዓመት ውስጥ የማን እንደሆነ የተረሳ ዕቃ ሁሉ በሁለት ቀን ባለቤቱን አገኘ። ባለ ቀይ ክሯ ድስት ደጅ ተደፋች፤ ዶሮ ወጣችባት።

ሌላው ነገር ደግሞ ወይዘሮ ውባንቺ መብላት አቃታቸው። ሽሮው ቅቤ ቅቤ ይላል፣ ቆሎው ቅቤ ይላል፣ ውኃው ሳይቀር ብርጭቆው ላይ ቅባት ይታያቸዋል። የጤና ባለሙያ መጥቶ መረመራቸውና ምንም የለም አለ፤ የሰጣቸውን ኪኒንም መለሱት። የንስሐ አባታቸው ቄስ ገብረ አምላክ መጡ።

«እመት ውባንቺ፣ ሰው ሳያውቅ የበላው አይቆጠርበትም» አሏቸው።

«እርስዎ አልቆጠሩትም አባቴ፣ ሆዴ ግን ቆጥሮታል።»

በአምስተኛው ቀን ግድግዳ ይዘው መሄድ ጀመሩ። ታይቱ ትምህርት ቤት ስትሄድ ፊርደውስ ከጎኗ አልተቀመጠችም፤ በእረፍት ሰዓት መጥታ አጠገቧ ቆመች።

«እናቴ አትተኛም» አለቻት። «ሙሽራ ሳለች እናቷ ስትሞትባት ያስተዛዘነቻት አክስትሽ ናት። እዚያ ደብተርሽ ውስጥ ይህንንም ጻፊው።»

በዚያው ቀን ታይቱ ገብታ አልጋው እግር ሥር ተንበረከከችና ሁሉንም ተናገረች። ሎሚውን፣ ስቅታውን፣ ሰዓቱን፣ ቅቤውን። ደብተሩንም አወጣች። ወይዘሮ ውባንቺ ሰምተው ሲጨርሱ ራሷን ዳበስ አደረጓት።

«ልብሽ ደግ ነው። ለጓደኛሽ ቤት አዝነሽ በራስሽ ላይ ልትሸከሚው ነው።»

«እውነቴን ነው አክስቴ። ቅቤ አልነበረበትም።»

«ነበረበት። ቀምሼዋለሁ። ሰው ይዋሻል፤ ይህ ምላስ ግን ሠላሳ ዓመት አልዋሸም።»

ታይቱ ይህን አላሰበችውም። ውሸቷን በአንድ ቃል ተቀበሏት፤ እውነቷን ግን ምላሳቸው ቆሞ ከለከላት። ውሸታም ለመባል ተዘጋጅታ መጥታ ደግ ተብላ ወጣች፤ ከስድብ የከፋ ሆነባት። ሴትዮዋ ደግሞ እየቀለጡ ነው።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ወይዘሮ ዓሲያ ዘንድ ሄደች። ሱቁ ውስጥ ጨው ይመዝናሉ። ቆማ ነገረቻቸው። ሚዛኑን አስቀመጡ።

«ሠላሳ ዓመት ለብቻዋ ያጠብኋትን ድስት» አሉ፣ «አንቺ በአንድ አፍ።»

«አዎ እማማ።»

«ለእሷ ነግረሻታል?»

«አላመኑኝም። ምላሴ አይዋሽም ይላሉ።»

ወይዘሮ ዓሲያ ከዚያ ሁሉ ንዴት ውስጥ ፈገግ ሊሉ ምንም አልቀራቸው። «ታዲያ እውነቷን ነው፣ ያቺን ምላስ የሚሞግት ሰው አልተወለደም» አሉ።

«ምስክር ይሁኑኝ። ዝም ብለው እኔ የማደርገውን ማየት ብቻ ነው።»

ነጠላቸውን ደርበው ተከተሏት። ጓዳ ውስጥ ታይቱ አባቷ ካመጣው ቅል ማር በሁለት ብርጭቆ ስትቀዳ ቆመው አዩ። ከዚያ በሩ ጋ ቀሩ፤ ሳይጠሩ አይገቡም።

ወይዘሮ ውባንቺ በሩ ላይ የቆመውን ሰው አይተው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ መለሱ።

«አክስቴ፣ ከዘጠኝ ሰዓት አልፏል» አለች ታይቱ። «ይኸኛው የአባቴ ማር ነው። ይኸኛው ደግሞ አንድ ሰው ልገዛው ነው ብሎ ያመጣው ነው፤ ስኳር አለበት እያሉ ይከራከራሉ። ይፍረዱ።»

ሆዳቸው ቢታመም ሥራቸው አልታመመም። ቀና አሉ። ከመጀመሪያው ነካ አድርገው ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ይህ የአበርገሌ ማር ነው። ንጹሕ።» ከሁለተኛው ነካ አደረጉ። ቆዩ። ፊታቸው ተቋጠረ። «ይህስ ስኳር ነው። ያውም ሩብ የሚሆን።»

ታይቱ ሁለተኛውን ብርጭቆ አንስታ መጀመሪያው ላይ ገለበጠችው።

«ምን ማድረግሽ ነው?»

«ከአንድ ቅል ነው አክስቴ። ሁለቱም የአባቴ ናቸው።»

«አንቺን ማን ያምናል?»

«እኔ አይቻለሁ» አሉ ወይዘሮ ዓሲያ ከበሩ። «ዓይኔ እያየ ነው ከአንድ ቅል የቀዳችው። ወላሂ።»

ሁለቱ ሴቶች ከስንት ቀን በኋላ ተያዩ። ወይዘሮ ውባንቺ ብርጭቆውን ተቀብለው እንደገና ቀመሱ፣ አሁንም ቀመሱ። ስኳሩ የለም። አንዴ ብርጭቆውን፣ አንዴ ታይቱን አዩ።

«እንግዲህ» አሉ፣ «ስንቱን ምስኪን ነው ስኳር የሌለበት ማሩን አሸክሜ የመለስሁት?»

ታይቱ ስለ አክስቷ ሆድ ስታስብ ስለ ሌሎቹ ባለ ማሮች አላሰበችም ነበር። ቆይተው ወይዘሮ ውባንቺ ብርጭቆውን እስከ ታች ላሱት። ሆዳቸውን ሳያውክ ወረደ።

«ዓሲያ፣ ግቢ እንጂ፣ በር ላይ ምን ያቆምሻል?»

«ግቢ አላልሽኝማ።»

«አሁን አልኩሽ። ድስቲቱ የት አለች?»

«ደጅ ናት። ዶሮ ተኝታባታለች።»

«ታዲያ አጥበሽ አምጫት። ርቦኛል።»

«አላጥባትም» አሉ ወይዘሮ ዓሲያ አልጋው ጠርዝ ላይ እየተቀመጡ። «ያቆሸሸቻት ታጥባታለች።»

ታይቱ በአመድና በሙቅ ውኃ ሦስት ጊዜ አጠበቻት፤ ወይዘሮ ዓሲያ አሸተቷትና አራተኛ አሳጠቧት። ምስሩን ወይዘሮ ዓሲያ በውባንቺ ምድጃ ላይ፣ ውባንቺ እያዩ ሠሩት፤ ሦስቱም ከአንድ ገበታ በሉ። ታይቱ ሰዓቷን አላየችም። እስከ ፋሲካ በየዓርቡ ድስት አጣቢ እሷ ሆነች፤ ወንፊቱና ዘነዘናውም ቀስ በቀስ ተመልሰው ተምታቱ።

ወይዘሮ ውባንቺ ከዚያ በኋላ ፍርዱን አልተዉም፣ ሥርዓቱን ግን ለወጡ። ማር ይዞ የሚመጣ ሰው ከደጅ ጀምሮ አፉን ይዘጋል፤ የማን እንደሆነ፣ ማን ምን እንዳለ መናገር ክልክል ነው። «አትንገሩኝ» ይላሉ፣ ዓይናቸውን ከመጨፈናቸው በፊት። ማሩን የሚያቀርበውም ሰው ከየት እንደመጣ የማያውቅ መሆን አለበት። ገበያተኛው ሴትዮዋ አረጁ አለ፤ ታይቱ ግን ከደብተሯ ሁሉ የሚሻለው ሙከራ እሱ እንደሆነ ታውቅ ነበር።

ታይቱ አሥረኛን አልፋ ኮሌጅ ገባች፣ በላቦራቶሪ ሙያ ተመርቃ በ2002 አንድ ጤና ጣቢያ ተቀጠረች። በሽተኛ ውጤቱን ሲጠይቃት ያየችውን ብቻ ትናገራለች፣ አንድ ቃል አትጨምርም፤ ባልደረቦቿ ኩሩ ናት ይሏታል። ነገር ግን አንድ ነገር ተርፏታል። ምስር አትበላም። ሽታው ሲመጣ አፏ ውኃ ይሞላል፣ እጇ ሆዷን ይይዛል፣ የአክስቷን ጀርባ ያሻሸችበት ያ ዓርብ ይመጣባታል።

በሁዳዴ እረፍት ወስዳ ሰቆጣ ስትመጣ ባለ ቀይ ክሯ ድስት መጣች። ታይቱ «ጠግቤያለሁ» አለች። ወይዘሮ ውባንቺ እንጀራውን ወደ እሷ ገፋ አደረጉት።

«ብይ እንጂ። ቅቤ የለበትም።»

«አውቃለሁ አክስቴ።»

«አንቺን ማን አናገረሽ» አሉ ወይዘሮ ውባንቺ። «ሆድሽን ነው።»