የተከራያችን ስኳር

ሐኪሙ ስኳር ከከለከለኝ ወዲህ ሻይ መረረኝ እያልኩ ቤተሰቡን አሰልችቻለሁ። ትናንት ግን ፉት ስለው ያ ምሬት ይዞኝ ሄደ፤ ቦሌ ሚካኤል፣ በቆርቆሮ ወደታጠረው የልጅነት ግቢያችን። ተከራያችን ሰርቪስ ቤቷ ደጃፍ ላይ እግሯን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ነክራ ሻይዋን ያለ ስኳር ትጠጣለች።

መገናኛ አካባቢ ልብስ ትሰፋ ነበር። ስለምትበልጠኝ እትዬ እላታለሁ። ጎሬ ያሉት እናቷ ዓይናቸው እየደከመ ነበርና፣ ጨርሶ ሳይጠፋ ይዩኝ ብላ ተነሳች። መንገዱ በክረምት ጭቃ ነው፤ አሠሪዋም ረጅም ፈቃድ አይሰጣትም። ስለዚህ በአውሮፕላን እሄዳለሁ አለች። ሳቅንባት። በሰፈራችን አውሮፕላን ይታያል እንጂ ማን ይሳፈርበታል!

እሷ ግን ጨከነች። አውቶቡስ ትታ በእግሯ መመላለስ ጀመረች። ፀጉሯን መተኮስ ትታ በሻሽ አሰረችው። የተረፋትን ሁሉ እናቴ ለምትሰበስበው እቁብ ትሰጣለች፤ እናቴም “ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል” እያለች ታበረታታታለች። በራሽን ከቀበሌ ሱቅ የምታገኘውን ስኳር እንኳ ሳትቀምስ በወተት ዱቄት ጣሳ ታጠራቅመዋለች።

“እማዬ ስኳር ካልበዛበት ሻይ አይዋጥላትም” ትለኝ ነበር። “ባዶ እጄን እሄዳለሁ እንዴ?”

አመሻሽ ላይ መንገድ ወጥቼ እቀበላትና በአውሮፕላን ማረፊያው አጥር ጥግ ጥግ አብረን እንመጣለን። እርጥብ ሣርና ነዳጅ ተቀላቅሎ ይሸታል። ሣሩ ውስጥ ሰማያዊ መብራቶች ይበራሉ። አውሮፕላን ዝቅ ብሎ ሲያልፍ ድምፁ ደረቴ ውስጥ ይገባል። እሷም ትቆምና፣ “መስኮት ጋ ነው የምቀመጠው። ሚጣዬ፣ ነጠላ አውለብልቢልኝ፣ አይሻለሁ” ትለኛለች። ዛሬም አውሮፕላን ሲያልፍ ቀና ሳልል አልቀርም።

እቁቡ የሚወጣው እሁድ እሁድ እኛ ቤት ነው። ልጅ አያዳላም ተብሎ ዕጣውን የማወጣው እኔ ነበርኩ። አንድ እሁድ ያወጣሁትን ወረቀት ስዘረጋው የእትዬ ስም ሆነ። ብቻዋን እልል አለች። ሌሎቹ እንኳን ደስ አለሽ አሏት፤ ፊቷን ግን ቀና ብሎ ያየ የለም። ምቀኞች ናቸው ብዬ ተናደድኩባቸው።

ሰዉ ከሄደ በኋላ ቤቱን ስጠርግ የቀሩትን ዕጣዎች አገኘሁ። አንዱን ከፈትኩት፤ የእሷ ስም ነው። ሌላውም የእሷ። ሁሉም የእሷ። እናቴ ከእጄ ወሰደቻቸው።

“እናቷ አርፈዋል” አለችኝ በሹክሹክታ። “ነገ ጎህ ሲቀድ መርዶ ይነገራታል። መሄጃ እንዳታጣ ነው። ዛሬን በደስታ ትደር።”

ከግድግዳው ማዶ እያንጎራጎረች ልብሷን ስታጣጥፍ ይሰማናል።

እንዳለችው በአውሮፕላን ሄደች፤ ጥቁር ለብሳ። ጣሳውንም ለለቅሶው ሻይ ይሆናል ብላ ይዛው ሄደች። የትኛው አውሮፕላን እንደሆነ ስላላወቅሁ ያን ቀን ላለፈው ሁሉ ነጠላ አውለበለብኩ።

ስትመለስ ሻይ ቀድቼ የቤታችንን ስኳር አቀረብኩላት።

“አሁንማ ለማን ብዬ እተወዋለሁ” አለችና ደጋግማ ጨመረችበት። ከዚያ ማማሰል ጀመረች። ስታማስለው፣ ስታማስለው፣ ሳትቀምሰው ቀዘቀዘ።