ባኞ ቤቱ ወዴት ይዙር

እናቴ የወደቀችው በነሐሴ፣ ከጓሯችን ወደ ሽንት ቤቱ በሚያወርደው ቁልቁለት ላይ ነው። ሽንት ቤቱ ከቤት አርባ እርምጃ ይርቃል። አባቴ ሲያስቆፍሩት ራሳቸው ቆጥረውታል፤ ቄስ ናቸውና ጸሎት ከሚያደርሱበት ክፍል እንዲርቅ ፈልገው ነበር። የዚያን ቀን ዝናቡ መሬቱን አሟልጮት ነበር። ሮጠን ስንደርስ በጎኗ ተኝታ፣ ነጠላዋን ጭቃ እንዳይነካው በአንድ እጇ ወደ ላይ አንሥታ ይዛለች።

"ነጠላዬን ተቀበሉኝ" አለችን።

ጭኗ ተሰብሮ ነበር። ወልድያ ወስደን አሳከምናት። ሐኪሙ ሲያሰናብታት "ከእንግዲህ ቁጢጥ ማለት የለም" አለ። እሱ የተናገረው ስለ አጥንቷ ነበር። እኛ ግን ወደ ላሊበላ ስንመለስ መንገዱን ሙሉ ያሰብነው ስለ ጓሯችን ነው፤ እዚያ ከቁጢጥ ሌላ መቀመጫ አልነበረም።

ቤታችን ትልቅ ነው። አያቴ በድንጋይና በጭቃ ሁለት ክፍል አድርገው ጀመሩት፤ ልጅ በተወለደና ሠርግ በተደገሰ ቁጥር አንድ አንድ ክፍል ሲቀጠልለት ዘጠኝ ደረሰ። ፕላን ያወጣለት ሰው ስላልነበረ ከሦስተኛው ክፍል ወደ አራተኛው ለመሄድ ደጅ ወጥቶ መዞር ያስፈልጋል። ያን ጊዜ እዚያ የምንኖረው ሦስት ሰዎች ነበርን፤ አባቴ፣ እናቴና በከተማው አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የማስተምረው እኔ። የቀሩት አራቱ ልጆች በየአገሩ ነበሩ። ይህ እንግዲህ ከሚሊኒየሙ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በከተማችን በየወሩ አዲስ ሆቴል የሚመረቅበትና ሰው ሁሉ ስለ ሻወር የሚያወራበት ጊዜ ነው።

ታላቅ ወንድሜ ከወልድያ፣ እህቴ ከደሴ እናቴን ለመጠየቅ መጡ። ሁለቱ ታናናሾች ሩቅ ስለነበሩ በስልክ ተካፈሉ። በእናቴ አልጋ ዙሪያ ተቀመጥን፤ ከመኝታ ክፍሏ ጋር የተያያዘ ባኞ ቤት እንዲሠራላት ሻይ ሳይቀዳ ተስማማን። ነገሩ እዚያ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር።

"ካልቀረ ቤቱን በሙሉ እናድሰው" አለች እህቴ። "ለገና ስመጣ ልጆቼ ጓሮ መውረድ እየፈሩ ይቸገራሉ። እኔ በማርፍበት ክፍልም አንድ ይሠራ።"

"ለእህቴ ከተሠራማ የበኩር ልጅ እኔ ነኝ" አለ ወንድሜ።

ታናናሾቹ በስልክ ሲጠየቁ "እኛም ያው እንደ ሰው" አሉ።

ወንድሜ የመንገድ ሥራ ቴክኒሻን ነው፤ መስመር ማስመር ይወዳል። በሁለት ቀን ውስጥ ባለ አራት ማዕዘን ደብተር ወረቀት ላይ አምስት ባኞ ቤት ያለው ፕላን ሠርቶ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋው። የእኔን ክፍል ፈለግሁት። "ዕቃ ቤት" ተብሎ ተጽፎበታል።

"ይኼ እኮ የምተኛበት ነው" አልሁት።

"አንቺማ ታገቢያለሽ።"

ሠላሳ አራት ዓመቴ ነበር። እርሳሱን ከእጁ ተቀብዬ "ዕቃ ቤት" የሚለውን ሰረዝሁት። ወንድሜ ስርዝ ስለማይወድ ፕላኑን በንጹሕ ወረቀት እንደገና ሣለው። በአዲሱ ላይ ክፍሌ ምንም አልተጻፈበትም።

ግንበኛው የፍላቂት ሰው ነበር፤ ቀስ ብሎ የሚናገር። ፕላኑን ገልብጦም አቅንቶም አየና "ውኃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣላችኋል?" አለ።

"ሁለት ቀን። አንዳንዴ አንድ" አልሁት።

"እና አምስቱን በምን ውኃ ልታጥቧቸው ነው?"

ሁሉም ወንድሜን አየ። ወንድሜ ፕላኑን አየ። በመጨረሻ እህቴ "በእማዬ እንጀምር" አለች። ከዚያ በኋላ ስለ ቀሩት አራቱ ያነሣ የለም፤ ወንድሜ ብቻ ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተው።

አባቴ እስከዚያች ሰዓት ድረስ በር ላይ ተቀምጠው ዳዊታቸውን እየደገሙ ነበር። አሁን መጽሐፉን ዘጉ።

"በአንድ ጣሪያ ሥር ሊሆን ነው?"

"አዎ አባ" አለ ወንድሜ።

"እኔ ቆሜ ዳዊት በምደግምበት ግድግዳ ማዶ ሰው ሊቀመጥ ነው?"

እናቴ ከአልጋዋ ላይ ሆና፣ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ "ሌላ ሰው አይደለም፤ እኔ ነኝ የምቀመጠው" አለች።

አባቴ ሦስት ቀን አሰቡ። በአራተኛው ቀን ግንበኛውን ጠርተው የሚፈልጉትን ነገሩት። ባኞ ቤቱ ሥዕለ አድኅኖ ካለበት ከምሥራቁ ግድግዳ ጋር እንዳይነካካ፤ ከመኝታ ክፍሉ ጋር የሚያገናኘው በር አንዱ ከሌላው ኋላ ሁለት እንዲሆን፤ የሚቀመጥ ሰው ፊቱም ጀርባውም ወደ ቤተ ክርስቲያን እንዳይዞር።

ግንበኛው የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ወዲያው ተቀበለ። ለሦስተኛው ግቢው መካከል ቆሞ ዙሪያውን ዞረ።

"አባ፣ በዚህ ጊዮርጊስ ነው። በዚህ መድኃኔ ዓለም። በወዲህ ደግሞ ገብርኤል። እላይ አሸተን ማርያም። እዚህ አገር ሰው ፊቱን ከአንዱ ቢያዞር ጀርባውን ለሌላው መስጠቱ አይቀርም።"

አባቴ እንደ ቀልድ አልወሰዱትም፤ እሱም ቀልዶ አልነበረም። መቋሚያቸውን ይዘው ግቢውን እየዞሩ ወደ አንዱ አቅጣጫ ይጠቁማሉ፣ ያስባሉ፣ ደግሞ ወደ ሌላው ይጠቁማሉ። ቅዳሜ ጧት ሙሉ እንዲህ ሲያደርጉ ዋሉ። ከቀትር በኋላ መጥተው "ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ይዙር" አሉ።

"ጀርባውስ?"

"ጀርባው ወደ ብልባላ ይውላል። ብልባላም ጊዮርጊስ አለ፤ ግን የቀን መንገድ ነው።"

አውሮፕላን ማረፊያው ከግድግዳችን ጋር ትይዩ አልነበረም። ስለዚህ የእናቴ መቀመጫ እስከ ዛሬ ድረስ ክፍሉ ውስጥ ሰያፍ ሆኖ ነው ያለው። ባኞ ቤቱን አይተው ግንበኛው ተሳስቶ ነው የሚሉ እንግዶች አሉ። እኛም አናርማቸውም።

ግድግዳው በመስከረም መጨረሻ አለቀ፤ ከዚያ ለፍሳሹ ጉድጓድ ቁፋሮ ተጀመረ። በሁለተኛው ቀን ዶማው መሬቱን በሳውና ወደ ውስጥ ገባ። ቆፋሪው አፈሩን ሲጠርግ ክብ አፍ ያለው፣ ወደ ታች እየሰፋ የሚሄድ፣ ከአለት የተፈለፈለ ባዶ ክፍል ብቅ አለ። ኮፍያውን አውልቆ አማተበ።

ላሊበላ ውስጥ ከአለት የተፈለፈለ ነገር አገኘሁ ብሎ በሰላም ሥራውን የሚቀጥል ሰው የለም። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ጎረቤቱ በሙሉ ግቢያችን ገባ። አንዳንዱ አፋፉን ተሳለመ። አንዲት ሴት በብርጭቆ አፈር ዘግና ወሰደች። አባቴ ነጭ ለብሰው ጉድጓዱ አጠገብ ቆሙና ማንም እንዳይወርድ ከለከሉ። በማግስቱ የቅርስ ባለሙያ መጣ፤ ሜትርና ባትሪ የያዘ ትሑት ወጣት ነው። ዙሪያውን በሲባጎ አጠረና ጥናት እስኪደረግ ድረስ ምንም እንዳይነካ ነገረን። ጥናቱ መቼ እንደሚደረግ ስጠይቀው "እኔም ጠይቄያለሁ" አለኝ።

ጥቅምት አለፈ። ኅዳር ገባ። ግድግዳና ሰያፍ መቀመጫ ያለው፣ ፍሳሽ የሌለው ባኞ ቤት ነበረን።

እስከዚያው ወንድሜ አናጢ ዘንድ ሄዶ ወንበር አስበስቶ ልኮ ነበር። ከሥሩ ባልዲ ይደረጋል። ባልዲውን ጓሮ ድረስ ወስጄ የምደፋው እኔ ነኝ። ጧት ከማስተማሬ በፊትና ከትምህርት ቤት ስመለስ። እናቴ ባልዲውን በጨርቅ ሸፍና ትሰጠኛለች፤ ስቀበላት ወደ መስኮቱ ትዞራለች። ስለዚህ ነገር አንድም ቀን አልተነጋገርንም። ትምህርት ቤት እንዴት ዋለ ትለኛለች፤ እኔም እንዴት እንደ ዋለ እነግራታለሁ።

አንድ ቀን ከንፈሯ ተሰነጣጥቆ አየሁ። አጠገቧ ያስቀመጥሁላት የውኃ ኩባያ ጧት እንደ ሞላሁት ነው።

"ለምን አትጠጪም?" አልኋት።

"አልጠማኝም።"

"እማዬ።"

"ጠጥቼስ" አለች፣ "አንቺን ላስቸግር?"

ወጥቼ ግቢው ውስጥ ትንሽ ቆምሁ። ከዚያ አባቴ ወደ ተቀመጡበት ሄጄ "እማዬ ውኃ መጠጣት አቁማለች" አልኋቸው። ለምን ብለው አልጠየቁኝም። ሲባጎውን አዩ፣ ጉድጓዱን አዩ፣ ወደ ውስጥ ገቡ። በማግስቱ ጧት ወደ ብልባላ ሰው ላኩ።

ብልባላ ያሉት ታላቅ እኅታቸው፣ አክስቴ ናቸው። የተወለዱት እዚሁ ቤት ነው፤ ከቤተሰቡ በሕይወት ካሉት ሁሉ በዕድሜ የሚበልጡት እሳቸው ናቸው። በሦስተኛው ቀን በበቅሎ መጡ። ውኃ እንኳ ሳይቀምሱ ሲባጎውን በከዘራቸው ከፍ አድርገው በሥሩ አለፉና ጎንበስ ብለው ወደ ጉድጓዱ አዩ። ቅርስ ሊያዩ የመጡ ጥቂት ጎረቤቶች እንደ ወትሮው ቆመው ነበር።

"የገብስ ጉድጓዳችን ነዋ" አሉ አክስቴ።

"እርግጠኛ ነዎት እትዬ?" አሉ አባቴ።

"በገመድ የሚያወርዱኝ እኔን አልነበረም? ከቤቱ ልጅ ሁሉ ቀጭን እኔ ነበርሁ። አንተ ስትወለድ አፉ ተደፍኖ ነበር።"

አንዷ ጎረቤታችን ነገሩን እንዲህ በቀላሉ ልትለቀው አልፈለገችም። "እንዲያው ከገብሱ በፊትስ ምን ነበር እማማ?" አለች።

"ድንጋይ" አሏት።

የቅርስ ባለሙያው ተጠርቶ መጣ። አክስቴ የነገሩትን ሁሉ ጻፈ፤ በመሰላል ወርዶ ለካ፣ ከግድግዳው ላይ የደረቀ ገብስ ፍሬ ለቅሞ በፖስታ አደረገ። ከሳምንት በኋላ ሥራችንን እንድንቀጥል የሚፈቅድ ደብዳቤ አመጣልን። ትንሽ ያዘነ መሰለኝ። አፈር በብርጭቆ የወሰደችው ሴት ግን አልመለሰችም፤ ወገቧን እየተሻላት ነበር።

ወንድሜ በስልክ ሲሰማ ደስ አለው። "አለቀ በቃ! ፍሳሹን እዚያ መልቀቅ ነው፤ የተዘጋጀ ጉድጓድ" አለ።

ለአባቴና ለአክስቴ ነገርኋቸው። ጎን ለጎን ተቀምጠው ነበር። ሁለቱም አንድ ላይ "እህል የተቀመጠበት ላይ?" አሉ። ከዚያ በላይ መናገር አላስፈለጋቸውም።

መላውን ያመጣው ግንበኛው ነው። የፍሳሹን ጉድጓድ ከታች፣ ወደ ቁልቁለቱ እቆፍራለሁ አለ። የገብሱን ጉድጓድ ግን በሲሚንቶ ለስነን የውኃ ማጠራቀሚያ እናድርገው፤ ውኃ በመጣ ቀን ከቧንቧ ይሞላል፣ በክረምት ከጣሪያ ይወርድበታል አለ። አባቴ ውኃ ንጹሕ ነው ብለው ፈቀዱ። አክስቴም ፈቀዱና ወደ አገራቸው ተመለሱ።

ሥራው ለገና አልደረሰም። እህቴና ልጆቿ በዓሉን ጓሮ ሲወርዱና ሲወጡ አሳለፉ። ከጥምቀት በኋላ ሁለቱ በሮች ተገጠሙ፤ ግንበኛው ለእናቴ እጀታው እንዴት እንደሚጫንና መቀርቀሪያው እንዴት እንደሚገባ አሳያት። አባቴ በዚያን ቀን ቤተ ክርስቲያን ብዙ ሥራ አለብኝ ብለው ገና በማለዳ ወጥተዋል።

እናቴ በምርኩዟ ገባች። መቀርቀሪያውን ስትገፋው ሰማሁ። ቀጥሎ ውኃው ሲወርድ ሰማሁ። ከዚያ ምንም አልሰማሁም። ጠበቅሁ። የተማሪ ደብተር አርሜ ጨረስሁ። ወድቃ ይሆን ብዬ ፈርቼ አንኳኳሁ።

"እማዬ፣ ደኅና ነሽ?"

"ደኅና ነኝ።"

"አልጨረስሽም?"

"ከጨረስሁ ቆየሁ።"

"እና ምን እየሠራሽ ነው?"

"ተቀምጫለሁ" አለች።

ከወጣች በኋላ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነገረችኝ። እዚህ ቤት በሙሽርነት ስትገባ ዐሥራ አራት ዓመቷ ነበር። አማት ነበሯት፣ ከዚያ ልጆች፣ ከዚያ የአባቴ ደቀ መዛሙርት፣ ከዚያ እንግዳ። ዘጠኝ ክፍል ባለው ቤት ውስጥ ከውስጥ የሚዘጋ አንድም በር አልነበራትም። "ማንም ከፍቶ ሳይገባብኝ የተቀመጥሁት ዛሬ ነው" አለች። አላለቀሰችም። ነጠላዋን አስተካክላ ውኃ እንድሰጣት ጠየቀችኝ፤ ኩባያውን አንድ ጊዜ ጨለጠችው፣ ደግማም አስቀዳች።

አባቴ ሁለት ክረምት ጓሮ ሲወርዱ ቆይተው በኋላ እሳቸውም መጠቀም ጀመሩ። መቼ እንደ ጀመሩ ያየ የለም። አንድ ቀን ራት ላይ መቀርቀሪያው ዘይት ይፈልጋል ሲሉ ነው ያወቅነው።

እናቴ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ትገባና አንድ ሰዓት ያህል ትቆያለች። አንዳንድ ጊዜ ስትጸልይ ይሰማኛል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ዝም ነው። በዚያች ሰዓት የሚፈልጋት ሁሉ ይጠብቃል። አባቴ መጀመሪያ ላይ በሩ አጠገብ መጥተው "ጋቢዬን የት አደረግሽው?" ይሏት ነበር። አትመልስላቸውም። ትንሽ ቆመው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው ይመለሳሉ። እንዲህ እንዲህ እያሉ የዚያው ዓመት ፋሲካ ሲደርስ ጋቢያቸው የት እንደሚቀመጥ ዐወቁ።