ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ግቡ

ንፋስ መውጫ ውስጥ የቤትና የቦታ ጠብ ያለበት ሰው ሁሉ «ጠበቃ ዮዲት ጋ ሂድ» ይባላል። እኔም ሄድኩ። ወንድሜ ምናለ እናታችንን ጥሎ ከአገር አገር ሲዞር ኖሮ፣ እሷን ቀብሬ እንባዬ ሳይደርቅ «ቤቱ ተሸጦ እንካፈል» ብሎ መጣ። ዓይን አውጣ! ተወልጄ ያረጀሁበትን ቤት! ወዴት ልሂድለት?

ዮዲት የመሪጌታ እንየው ልጅ ናት። ነፍሳቸውን ይማርና፣ ዓይነ ስውር የድጓ መምህር ነበሩ። በተከራዩት ቤት ውስጥ ያለ በትር ወዲያ ወዲህ ሲሉ ላያቸው፣ የሚያዩ ነበር የሚመስለው። ኋላ አከራዩ ቤቱን ሸጠባቸውና ሌላ ቤት ገቡ። እዚያ ግን እስኪሞቱ ድረስ እጃቸው የድሮውን በር መቃን ሲፈልግ ኖረ አሉ። ዮዲት ሕግ የተማረችው ያንን እጅ እያየች ነው።

ጉዳዬን ነግሬያት ስጨርስ «ክስ ከመመሥረታችን በፊት ሁለታችሁንም ቤቱ ውስጥ ልያችሁ» አለችኝ።

«እሱ ደግሞ ምን ሊያደርግልሽ?» ብዬ ተቆጣሁ። «ነገ ማለዳ፤ ለምናለም እነግረዋለሁ» ብላ መዝገቧን ዘጋች። እሷ ካለች ደግሞ አለቀ።

በማግሥቱ ማለዳ ጉሙ ደጃፋችን ድረስ ገብቶ፣ መንገዱም ባጃጁም ጠፍቶ፣ ቤታችን ብቻውን ሰማይ ላይ የቀረ ይመስል ነበር። ምናለ በሩ ላይ ቆሟል።

«ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ግቡ» አለችን ዮዲት። እሷም ጨፈነች።

«ወይ ጉድ!» እያልኩ ጨፈንኩ። ግን እሱን ማን ያምናል? በአንድ ዓይኔ አጮልቄ አየሁት።

መቃኑን ዳበሰ፤ ጎንበስ ብሎ ገባ። ወደ ግራ ዞረ። ፊቱ የልጅነት ፊቱን ሆነብኝ። ከዚያ ጋቢውን ሰብሰብ አድርጎ፣ እናታችን ትቀመጥበት የነበረው የጭቃ መደብ ላይ ሊቀመጥ ዝቅ አለ። መደቡ ግን ጣሪያው እያፈሰሰ ካፈረሰው ቆየ። በጀርባው ዘጭ!

«እኔን!» ብዬ ጮህኩ። ሮጬ ራሱን በእጄ ያዝኩት።

ዓይኑን ሳይገልጥ «አልጣሽ፣ የእማዬ መደብስ?» አለኝ።

«ፈረሰ፣ ወንድሜ» አልኩት። ሁለታችንም እንደ ልጅ አለቀስን።

እንባውን በጋቢው ጠርጎ «ቤቱ አይሸጥ» አለ። «መደቡን መልሼ ልሥራው።»

«ጭቃውን እኔ አቦካለሁ።»

ዮዲትን ላመሰግናት ዞር ስል አሁንም በሩ ላይ ናት። ዓይኗን እንደ ጨፈነች፣ በእጇ የቤታችንን መቃን ትዳብሳለች።