ሰውዬውና በቅሎዋ
ብቸና ጤና ጣቢያ ወረፋ ስጠብቅ፣ ከጃንሆይ ፎቶ ሥር ተዘርፍጦ የተቀመጠውን ሰውዬ ገና ሳየው ጠላሁት። ጋቢው በረዶ መስሏል፤ በጭራው ዝንብ ያባርራል። ልጁ የምትሆን ሚስቱ ሆዷን ይዛ ከኋላው ቆማለች።

ሕመምተኞቹን የሚያየው ድሬሰር ሴትዮዋን «የት ጋ ነው የሚያምሽ?» ሲላት ሰውዬው ቀድሞ መለሰ።

«ከእምብርቷ በታች ነው።»

«ማርቆስ ሄዳ ኦፕራሲዮን መሆን አለባት።»

«የኔን ሚስት ቢላ አይነካትም።»

«አባቴ፣ እስቲ እሷን ልጠይቃት።»

«እኔን ጠይቀሃል፤ በቃ።»

ሰውዬው ብድግ ብሎ ወጣ፤ ሴትዮዋም ሆዷን እንደያዘች ተከተለችው።

ደጅ ያሰሯት በቅሎ ስትፈታ አነከሰች። ሰውዬው በዚያ ነጭ ጋቢው ጭቃው ላይ ተንበረከከ። እግሯን ቀስ አድርጎ እየዳሰሰ፣ «የት ጋ ነው የኔ እመቤት? የቱ ጋ አመመሽ?» አላት።

ሚስቱ በአንድ እጇ ሆዷን፣ በሌላው ልጓሙን ይዛ ቆማለች።