ሚስማር የሌለበት አፍ

የእህቴን ባል ሰፈሩ «አፈ ሚስማር» ይለዋል። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ፣ አልክድም። ሶፋ ሠሪ ነው። ሥራ ሲጀምር ትንንሽ ሚስማሮች በአፉ ሙሉ ይጎርሳል። ግራ እጁ ጨርቁን ወጥሮ ይይዛል፣ ቀኝ እጁ መዶሻውን፣ ምላሱ ደግሞ ሚስማሯን አዙሮ በጭንቅላቷ በኩል ወደ ከንፈሩ ጫፍ ያቀብለዋል። «ሦስተኛ እጄ ነው» ይላል ስለ ምላሱ ሲያወራ። አንድም ቀን ወግታው አታውቅም።

አፉ እንዲያ ተሞልቶ ዝም ቢል ምን ነበረበት? አይልም! ቀኑን ሙሉ ያወራል። ደንበኞች ግራ ሲጋቡ አስተርጓሚዋ እኔ ነኝ። ከጎኑ በስፌት ማሽን የሶፋ ልብስ ስሰፋ ዓመታት ስለቆጠርኩ፣ «መቀሱን አቀብይኝ» ይበል «ይሄ ጨርቅ ይተረተራል»፣ ከማጉረምረሙ አውቀዋለሁ። እህቴ እንኳ እንደ እኔ አትሰማውም። በዚህ ነገር ትንሽ ጉራ ቢጤ ነበረብኝ።

የደም ግፊት እንዳለበት ካወቅን ቆይተናል። በየጠዋቱ አንድ ኪኒን እንዲውጥ ታዟል። እህቴ አስተማሪ ናት፤ ደወል እንዳይቀድማት እየሮጠች ኪኒኗን በር ላይ በእጁ ታስጨብጠዋለች። እሱም «ሱቅ ስደርስ በውሃ እውጣታለሁ» ብሎ ይወጣል። እሷ አመነችው። እኔ ደግሞ ቤት ውጦ የመጣ ነበር የሚመስለኝ።

ያን ዕለት ሱቃችን ቀውጢ ነበር። አንድ ባለሀብት በማግስቱ አዲስ ሆቴል ሊከፍት እንግዳ ሁሉ ጠርቷል፤ የእንግዳ መቀበያው ሶፋዎች ግን ገና እኛ ጋ ናቸው። ሰውየው በስልክ በአንድ እግራችን ሲያቆመን ሰነበተ። ከሰዓት በኋላ የመጨረሻዋ ሶፋ ላይ ደረስንና ሻይ አፈላሁ። የእህቴ ባል ሚስማሮቹን ማስቀመጫ ቆርቆሮው ውስጥ ተፍቶ ተቀመጠ። ፊቱ ቀልቷል፣ ማጅራቱን ያሻል።

«ራሴን ሊፈልጠኝ ነው ዛሬ» አለ።

«ጋሼ፣ ትንሽ ብታርፍስ?»

«ሶፋው ካለቀ በኋላ እንደ ልቤ እተኛለሁ። ግን ይሄ ሰውዬ ይሄን ሁሉ ሶፋ ምን ያደርግለታል? ሆዱ ብቻውን አዳራሹን ይሞላዋል እኮ!»

ሻዩ በአፍንጫዬ እስኪወጣ ሳቅኩ። ወዲያው የመኪና ጥሩንባ ጮኸ፤ ባለ ሆቴሉ ራሱ ፒካፑን ይዞ ከች! ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ላቡን በመሐረብ እየጠረገ፣ «አለቀ? አልቋል በሉኝ!» እያለ ገባ። ያለቁትን ከሰዎቹ ጋር መጫን ጀመረ። እኔ ወደ ማሽኔ፣ የእህቴ ባል ወደ መዶሻው።

ማሽኔን እንዳስነሣሁ ከጀርባዬ አጉረመረመ።

«ምን?» አልኩ።

ደገመው። አልገባኝም። ማሽኑን አቆምኩና ጆሮዬን ሰጠሁት። አሁንም አልገባኝም! እኔ ነኝ ያልገባኝ፣ አስተርጓሚዋ! ንዴቴ መጣ።

«ጋሼ፣ በቃ ሚስማሩን ትፋና እንደ ሰው አውራ!»

ዞረና አፉን ከፈተልኝ። ሚስማር የለም። ቆርቆሮው እዚያው ሻይ የጠጣንበት ቦታ እንደተቀመጠ ነው፣ ሚስማሮቹም እንዳሉ ውስጡ ናቸው። አፉ ውስጥ የነበረው ምላሱ ብቻ ነው፤ እሱም አልታዘዝ ብሎታል። የከንፈሩ አንዱ ጫፍ ወደ ታች ወርዷል። ዐይኖቹ እኔ ላይ ተተክለዋል፣ ፍርሃታቸውን ለማንበብ ደግሞ አስተርጓሚ አያስፈልግም።

ክው አልኩ። ከዚያ የጮኽኩትን ጩኸት ማን ይናገረው! ባለ ሆቴሉ «ግፊት አለበት!» ስል ሰምቶ እየሮጠ ገባ።

«ግፊቱ ነው! መድኃኒቱ የት አለ? ሁለት ሦስት አድርጊና አሁኑኑ አስውጪው!»

«አፉ እንዲህ ተይዞ ምኑን ነው የሚውጠው? ሊታነቅ? የሚሰጠውን ሐኪም ይስጠው፤ አንተ መኪናህን አስነሣ!»

እስከዚያች ደቂቃ «እርስዎ» ስለው የነበረውን ሰውዬ እንዲህ አልኩት። እሱም እንደ ተላላኪ ሮጠ።

በሁለት ሰዎች ተደግፎ ፒካፑ ላይ ወጣና የተጫነችው ትልቋ ሶፋ ላይ ላስቀምጠው ስል ገፋኝ። በእጁ ወደ ሱሪው ያሳየኛል፤ ለካ ሙጫ ነክቶታል፣ አዲሱን ጨርቅ እንዳያበላሸው ነው! ሞት ደጁ ላይ ቆሞ ሰውዬው ስለ ጨርቅ ይጨነቃል! በንዴትና በፍቅር መሐል ሆኜ ጎትቼ አስቀመጥኩት፣ ጭንቅላቱን ቀና አድርጌ ትከሻዬ ላይ አስደገፍኩት። መኪናዋ ተፈናጠረች።

ያን ጉዞ እስክሞት አልረሳውም። መንገደኛው ፒካፕ ላይ በሶፋ ተቀምጠን ስንበር ሲያይ ይስቃል፣ ሙሽሮች መስለነው የሚያጨበጭብም ነበር። እኔ «ልቀቁ! ልቀቁ!» እላለሁ፣ ባለ ሆቴሉ ጥሩንባውን አይለቅም። አደባባዩ ላይ የትራፊክ ፖሊስ ፊሽካውን ነፋብን፤ ቀርቦ የእህቴን ባል ፊት ሲያይ ግን ምንም አልጠየቀም። ወደ መሐል ሮጦ ገብቶ ሁለቱን እጆቹን ዘረጋና የአራቱንም አቅጣጫ መኪና ቀጥ አደረገልን። በባዶው አደባባይ ስናልፍ አለቀስኩ፣ በፍርሃት ይሁን በደስታ እኔም አላውቅም።

ሆስፒታል በር ላይ በተሽከርካሪ አልጋ ተቀበሉት። ነርሷ ክንዱ ላይ መለኪያውን ጠቅልላ ነፋችው፣ አየችው፣ ደግማ ነፋችው። የላይኛው ቁጥር ሁለት መቶን ካለፈ ቆይቷል። ዶክተሯ ወጣት ናት፣ እጇም አፏም ፈጣን።

«ንግግሩ እንዲህ የሆነው መቼ ነው?»

«እሱማ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚያወራው!» አለ ባለ ሆቴሉ።

ዶክተሯ ብዕሯን ወደ ታች አደረገች። በቁሜ ልፈነዳ ደረስኩ።

«ውሸት ነው! ማለቴ እውነት ነው፣ ግን ያ ሚስማር ጎርሶ ነው! ዛሬ ሻይ ስንጠጣ አፉ ባዶ ነበር፣ ጥርት አድርጎ ነው ያወራኝ። ይሄ ሰውዬ ሊመጣ ሲል ነበር፣ ገና አንድ ሰዓት አልሞላውም!»

«እርግጠኛ ነሽ? ምን ነበር ያለሽ?»

ባለ ሆቴሉን አየሁት። ምን በወጣኝ! ግን ነፍስ ነው፤ ስለ ሆዱና ስለ አዳራሹ የተባለውን አንድም ቃል ሳላስቀር ተናገርኩ። ነርሷ ፊቷን አዞረች። ባለ ሆቴሉ ሆዱን ቁልቁል አየና «ለዚህ ነዋ ሶፋዬ የዘገየው!» አለ። ዶክተሯ ግን ሰዓቱን ጽፋ አልጋውን ወደ ጭንቅላት ምርመራ እያስገፋች ሮጠች።

እህቴ ጣቶቿ ላይ ጠመኔ እንዳለ ደረሰች። ነርሷ የሥራ ሽርጡን አውልቃለት ስለነበር አምጥታ ሰጠቻት። እህቴ አንዴ ብታራግፈው ከኪሱ ሚስማርና ኪኒን ተቀላቅሎ ወለሉ ላይ ፈሰሰ። ነጫጭ ኪኒኖች፣ አንዳንዱ በሚስማር ተፍቆ፣ አንዳንዱ ተሰብሮ። በየጠዋቱ በእጁ ያስጨበጠችው እያንዳንዱ ኪኒን እዚያው ነበር። ሱቅ ሲደርስ መጀመሪያ ወደ አፉ የሚገባው ሚስማሩ ነዋ!

«በእጄ እየሰጠሁት…» አለችና ተንበርክካ ኪኒኖቹን ከሚስማሩ መሐል ትለቅም ጀመር።

ዶክተሯ ስትመለስ ፊቷን አይቼ ነፍሴ መለስ አለች። ጭንቅላቱ ውስጥ የፈሰሰ ደም የለም፣ የተዘጋ የደም ሥርም አልታየም። ግፊቱ ነው አንጎሉን ያስጨነቀው። በደም ሥሩ መድኃኒት እየሰጡ ቀስ በቀስ እንደሚያወርዱት ነገረችን። «በአንዴ ቢወርድ ሌላ ጉዳት ያመጣል» ስትል፣ ሁለት ሦስት ኪኒን አስውጪው ያለኝ ባለ ሆቴል ቀስ ብሎ ከነርሷ ጀርባ ተሸሸገ። «ንግግሩ ግን ይመለሳል አይመለስም የምናየው አሁን ነው» አለችን።

ከአልጋው ግራና ቀኝ ቆምን። መለኪያው እየተነፋ፣ እየተነፈሰ፣ ቁጥሩ እየወረደ ሄደ። ትንፋሼን ይዤ ከንፈሩን እጠብቃለሁ። አጉረመረመ፤ አልገባኝም። እህቴ ዞራ አየችኝ፤ ትርጉሙን ከእኔ ትጠብቃለች። ራሴን ነቀነቅኩ። እንዲያ ዓይነት ጭንቅ ለጠላትም አይስጠው።

ከዚያ የወረደው የከንፈሩ ጫፍ ቀስ ብሎ ቀና አለ። ወደ እኔ አየ።

«ዋርሳዬ» አለ። ጎተት ያለ፣ ግን ቃል ነው! «ለእህትሽ… ይቅር በይኝ… ብለሽ ተርጉሚልኝ።»

ሆስፒታል መሆኑን ረስቼ ዘለልኩ።

«ራስህ ንገራት! አፍህ ባዶ ነው እኮ፣ ጋሼ! ራስህ ንገራት!»

ነገራት። እሷም አልቅሳ፣ ስቃ፣ እንደ ተማሪዋ ተቆጥታው፣ ሁሉንም በአንድ ላይ አደረገችው።

ሶፋዎቹ በማግስቱ ሆቴሉ ውስጥ ነበሩ። የመጨረሻዋን ራሴ ጨረስኳት፣ ያቺን ሙጫ የነካትንም ባለ ሆቴሉ አላስለወጠም። አሁን የእህቴ ባል ሚስማሩን የሚይዝበት ማግኔት የእጁ አንጓ ላይ አስሯል። ጠዋት እህቴ በር ላይ በውሃ ታስውጠውና «አፍህን ክፈት» ትለዋለች። ሱቅ ሲደርስ እኔም አስከፍተዋለሁ፤ ያማርራል፣ ግን ይከፍታል። ከዚያ ማውራት ይጀምራል፣ እስከ ማታም አያቆምም። አንድ ቃል ሳይቀር ጥርት ብሎ ይሰማል፣ ደንበኛውም ሁሉ ቀጥታ ከእሱ ጋር ይሳሳቃል። እኔን ተርጉሚልኝ የሚለኝ ሰው ከጠፋ ሰነበተ። ከእንጀራዬ የተባረርኩ ይመስል ሳኮርፍ ያየኝ ሰው ሊኖር ይችላል። ኩርፊያዬን አይመኑት፣ ማሽኔን እያቆምኩ የማዳምጠው እኔ ነኝ።