ገብርኤል እያሉ የጠሩኝ ጋሽ ዴንማርክ

አላመንኩም። ይሄን እየጻፍኩም አላመንኩም። ፌስቡክ ስንቱን በቁሙ ገድሎ በማግስቱ ይቅርታ ጠይቋል! የዛሬው መርዶ ግን በስልክ አልመጣም፣ በእግሩ መጣ።

በጠዋት ሮም፣ ኤስኲሊኖ ሰፈር ያለችው ክፍሌ በር ተንኳኳ። ስከፍት ሀብታሙ፣ አብርሃምና ዮናስ ቆመዋል፤ ሦስቱም የእሁድ ኳስ ቡድናችን ልጆች ናቸው። ለጨዋታ እንኳ አርፍዶ የሚመጣው ሀብታሙ በማለዳ ተጣጥቦ፣ ዳቦ ይዞ! ጠረጠርኩ። የኛ ሰው ተሰብስቦ በጠዋት በር የሚያንኳኳው ለምን እንደሆነ ታውቃላችሁ።

"እናቴ ናት?" አልኩ።

"እናትህ ደህና ናቸው። ግባና ተቀመጥ።"

"አልቀመጥም፣ ተናገር!"

"ጋሽ ዴንማርክ አረፉ" አለኝ ሀብታሙ። ልባቸው ነው አሉ፤ ትናንት ከሰዓት፣ እቤታቸው።

ልብ? እኛን ጎረምሶቹን ሜዳ ሙሉ እያስሮጡ ትንፋሽ የማያጥራቸው ሰው? ሐኪሙስ በደንብ አይቷቸዋል? እንጃ፣ አልተዋጠልኝም።

ለማታውቋቸው፣ ጋሽ ዴንማርክ ያልናቸው ዴንማርካዊ ስለሆኑ ነው። እንጀራቸው ኳስ የነበረ ተከላካይ ናቸው። አገራቸው ላይ ከአንዲት የዓሣ አጥማጆች ከተማ ተነስተው ትልቁ ዲቪዚዮን ደረሱ፤ ከዚያ ጣሊያን ተሸጡ፤ ከክለብ ክለብ ሲዞሩ ሮም ላይ ጉልበታቸው እምቢ አለ። ጫማ ሰቀሉ፣ ሚስት አገቡ፣ እዚሁ ቀሩ።

ይሄን ሁሉ ያወቅነው ግን ቆይቶ ነው። ቲቡርቲና ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለችው ሜዳ እሁድ እሁድ እንጫወታለን። ያኔ አብዛኞቻችን ፔርሜሶ፣ የመኖሪያ ፈቃድ ማለት ነው፣ የለንም፤ ጥላችንን እንፈራለን። አንድ እሁድ ረጅም፣ ሽበታም ፈረንጅ አጥሩን ተደግፎ ቆመ። አይስቅም፣ አያጨበጭብም። ዝም ብሎ ያየናል። በሚቀጥለው እሁድም መጣ።

"ፖሊስ ነው" አለ ሀብታሙ። "ባይሆን ምን ብሎ ያየናል? ጨዋታችን እንደሆነ አይታይ!"

በኋላ ሰውዬው ወደኛ መጣና በተኮላተፈ ጣሊያንኛ ስማችንን ጠየቀ። ተያየን። አብርሃም "ሚካኤል" አለ። ዮናስ "ጊዮርጊስ"። እኔ ገብርኤል ሆንኩ። ሀብታሙ ደግሞ "ተክለሃይማኖት" ብሎ የፈረንጁን ምላስ አሳሰረው። ተጫዋች ነበርኩ ሲለን ስልክ ላይ ፈለግነው። አጥቂዎቹ ጎል አግብተው ሲተቃቀፉ፣ እሱ ከፎቶው ጥግ ላይ ክንዱ ብቻ ይታያል።

"ፎቶ ይቀነባበራል" አለ ሀብታሙ።

ሰውዬው እንዳላመንነው ገብቶት ሳቀ። "ካሜራ የሚወደው አጥቂ ነው። አንድ ጊዜ በራሳችን መረብ ላይ አግብቻለሁ፤ እሱን ፈልጉት፣ እዚያ ላይ ፊቴ በደንብ ይታያል" አለን።

የዳግማ ትንሣኤ እሁድ አብርሃም ዶሮ ወጥ ይዞ መጣ። ሀብታሙ ዶለተ። "ሰላይ ከሆነ ከእጃችን አይጎርስም" አለና ጠቅልሎ አጎረሰው። የሰውዬው ፊት በርበሬ መሰለ፣ እንባው ዱብ ዱብ አለ። እንደምንም ዋጠና "አንኮራ!" አለ፣ ድገመኝ ማለቱ ነው። ሜዳው በሳቅ ሞላ። ሀብታሙ ብቻ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ "የሰለጠነ ሰላይ ነው" አለኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሰውዬው መባሉ ቀረና አንቱ አልናቸው። ጋሽ ዴንማርክ ሆኑ፣ አሰልጣኛችንም ሆኑ።

እኔ የግራ ተከላካይ ነኝ። አጥቂ ወደኔ ሲመጣ ድምፃቸው ይሰማኛል፦ "ገብርኤል! ኳሱን አትይ፣ ወገቡን እይ!" ኳስ ያታልላል፣ እግር ያታልላል፣ ዓይንማ ዋናው ቀጣፊ ነው፤ ሰው ወዴት ሊሄድ እንደሆነ የሚታወቀው በወገቡ ነው ይሉ ነበር። "ተከላካይ ቶሎ ማመን የለበትም" ሲሉኝ ደስ አለኝ። ምን ይደረግ፣ አለማመን ብቻ ነበር የምችለው! እዚህ አገር የደረስኩትም በሱ ነው።

ፔርሜሶዬን ያገኘሁ ቀን እውነተኛ ስሜን ልነግራቸው አሰብኩ። ግን ያን ያህል ዘመን ገብርኤል ሲሉኝ ኖረው ከየት ልጀምር? በሚቀጥለው እሁድ እላለሁ። እሁድ ሲደርስ አፌ ይያዛል።

ዛሬ ጠዋት ሀብታሙ ወሬውን ቀጠለ። "የደወሉልኝ ሲኞራዋ፣ ሚስታቸው ናቸው። ጋሽ ዴንማርክ በሕይወት እያሉ ተናግረው ነበር አሉ። ሳጥኔን ከሚሸከሙት አንዱ ሙሉጌታ ይሁን ብለዋል።"

ሙሉጌታ እኔ ነኝ።

"ማነው የነገራቸው?" ብዬ አፈጠጥኩበት። "አንተ ነህ!"

"እመብርሃንን እኔ አይደለሁም!"

አብርሃምን ጠረጠርኩ። አብርሃም ዮናስን አየው። መርዶ ሊነግሩኝ የመጡ ሰዎች ቁጭ ብለው እርስ በርስ ተፋጠጡ። በመጨረሻ ዝምተኛው ዮናስ፣ "ኧረ ሙሌ፣ ኳስ ሲመጣብህ ምን ብለን ነው የምንጮኸው?" አለኝ።

"ሙሌ! ሙሉጌታ! ከኋላህ!" ነው የሚሉኝ። በዚያ ጭንቅ ማን ገብርኤል ይላል? ለካ አጥሩን ተደግፈው ሲያዩን ሰምተዋል። ገብርኤል ነኝ ስላቸው ስሜን ቀድመው ያውቁት ነበር።

ያኔ ነው ቁጭ ብዬ ያለቀስኩት።

ጋሽ ዴንማርክ፣ ወገቤን አይተው አወቁኝ፣ አውቀውም ዝም አሉኝ። ራሴ እስክነግርዎ ሲጠብቁኝ ኖሩ። ሳጥንዎ ትከሻዬ ላይ እስኪያርፍ አሁንም አላምንም፤ ቶሎ አትመን ያሉኝ እርስዎ ነዎት። በግራ በኩል ነው የምይዘው፣ ቦታዬን ያውቁታል። ስሜ ከአፍዎ ሲወጣ ግን አንድ ቀን እንኳ ሳልሰማው ቀረሁ፣ እሱ ነው የሚያንገበግበኝ። ሙሉጌታ ነኝ፣ ጋሼ። ደህና ይግቡ።