አክስቴ ደጅ ላይ ቆማ ስትጣራ

ሰበታ አክስቴ ቤት ስኖር ጥሪ አይደገምም ነበር። በመጀመሪያው «አቤት» ካላልኩ ሁለተኛው ማማሰያ ነው። ይህችን ዓረፍተ ነገር ወድጃታለሁ፤ ያኔ ግን አታስቅም ነበር። ግራ ክንዴ እስካሁን ቀጥ የማይለው፣ አንድ ቀን ልብስ ሳጥብ የቧንቧው ውሃ ጥሪዋን ስለሸፈነብኝ ነው። አምስት ዓመት እንዲህ ኖርኩ።

አጎቴ፣ የእናቴ ወንድም፣ ቡራዩ ሲያመጣኝ አክስቴ ሰበታ ቀረች፤ ድምጿ ግን አብሮኝ ታክሲ ተሳፈረ። ሒሳብ እየተማርን ማንም ሳይጠራኝ «አቤት» ብዬ ብድግ እላለሁ። ክፍሉ በሳቅ ይፈርሳል። በኋላማ ልጆቹ ጨዋታ አደረጉት፤ ከኋላዬ መጥተው «አንቺ» ይሉና ማን የበለጠ ከፍ አድርጎ እንደሚያዘልለኝ ይፎካከራሉ።

ጤና ጣቢያ መድኃኒት ሰጡኝ። ነርሷም «ድምፁ ሲመጣ የምታምኚውን ሰው ጠይቂ» አለችኝ። የአጎቴን ሚስት መረጥኩ።

«ሰማሽ?» እላታለሁ።

«ናምኒ ሂን ጅሩ፤ ማንም የለም» ትለኛለች በኦሮምኛም በአማርኛም፣ ሁለቱንም ጆሮዬን ለማሳመን ይመስል። «ሰው ቢኖርማ ሽንኩርት አስልጠው ነበር።»

በቀን ስንት ጊዜ እንደምጠይቃት እንጃ። ሰለቸኝ ብላ አታውቅም። እኔም ከመነሳቴ በፊት መጠየቅ ለመድኩ።

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ጥሪው ከውጭ በር መጣ። «አንቺ።»

«ሰማሽ?»

«ማንም የለም» አለች ከምትልጠው ሽንኩርት ቀና ሳትል። ቢላዋዋ ግን ቆመ። ውሻችንም ወደ በሩ ይጮኻል።

«ውሻውም ታሟል?» አልኳት።

ቢላዋውን አስቀመጠች።

«አንቺ ከዋሸሽኝ ማንን ልጠይቅ?»

«ልትወስድሽ ነው የመጣችው» አለች እጇን በቀሚሷ እየጠረገች። «ስትደውል ነው የሰነበተችው። እንዳትደነግጪ ብዬ ነው።»

ሄጄ ከበሩ ጀርባ ቆምኩ።

«አብደሻል አሉኝ» አለች አክስቴ ከቆርቆሮው ማዶ። «ልብስሽን ሰብስቢ፤ ጠበል አስገባሻለሁ።»

«አልሄድም።»

«አቤት ማለትም ረሳሽ?»

«አልረሳሁም።»

«እሺ ውሃ እንኳ ስጪኝ» አለች። «ከሰበታ ድረስ ነው የመጣሁት፤ ፀሐዩ ገደለኝ።»

ኩባያ ሞልቼ አመጣሁ። በሩ ሥር ቆሜ፣ እንድትሰማኝ ድምፅ እያሰማሁ፣ ራሴ ጠጣሁት። ውሃ የጠየቀ ሰው እንደማይከለከል አውቃለሁ። እንደዚያ የጣፈጠኝ ውሃ ግን የለም።

ረግማኝ ሄደች። ጥሪው ግን አልሄደም፤ አንቺ፣ አንቺ ይላል።

«ሄዳለች» አለች የአጎቴ ሚስት፣ ሳልጠይቃት።

መወርወሪያውን ስቤ በሩን ከፈትኩ። ኮረኮንቹ ላይ አንድ ባጃጅ ብቻ ቆሟል፤ ሾፌሩ ወንበሩን ይወለውላል።

«አላመንሽኝም» አለች ከኋላዬ።

«አላመንኩሽም።»

ፊቷ ጠቆረ። ላባብላት ይገባኝ ነበር። አላባበልኳትም። ድምፁ እየጮኸብኝ መንገዱን ግራና ቀኝ ሳይ ቆየሁ፤ ማንም አልነበረም፤ ይህንንም ያወቅኩት ማንንም ሳልጠይቅ ነው።